ቺፑን ከመውቀስህ በፊት ሳጥኑን ክፈት

ከአዳማ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የጌም ቤትህ አራቱም ማሽኖች የመጀመሪያው ትልቁ ዓይነት ፕሌይስቴሽን 2 ናቸው። ሁለቱ ከቀትር በኋላ 40 ደቂቃ ያህል ሠርተው ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ጠዋት ግን ደህና ናቸው። ሌባ እንዳይወስዳቸው እያንዳንዱን በብረት ሳጥን ቆልፈህበታል። ሙቀቱ ሲብስ የክፍሉን ቬንትሌተር ከሳጥኑ ጀርባ አቆምክ፤ ይባስ ብሎ ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ጀመር። አንድ ጠጋኝ «ቺፑ ተቃጥሏል» ስላለህ ልጥላቸው ወይ ብለሃል።

እባክህ አትጣላቸው። ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ በ2013 ምርቱ ቆሟል፤ የጣልከውን የሚተካ አዲስ ከፋብሪካ አይመጣም። ደግሞም የተቃጠለ ቺፕ ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት አይደክምም። ቀዝቅዞ የሚነሳ፣ ሲግል የሚጠፋ ማሽን ያመመው አየሩ ነው።

አየሩ በየት እንደሚሄድ ልንገርህ። ማሽኑ ቀዝቃዛ አየር የሚስበው በፊት ለፊቱ ባሉት ስንጥቆች ነው። አየሩ በውስጥ አልፎ የቺፖቹን ሙቀት ከተቀበለው ብረት ላይ ግለቱን ይወስዳል፤ ከዚያ ከኋላ ያለችው ማራገቢያ ወደ ውጭ ትገፋዋለች። ትገፋለች እንጂ አትስብም። አንተ ከጀርባው ቬንትሌተር ስታቆም የወጣውን ትኩስ አየር መልሰህ ወደ ውስጥ ነፋህበት ማለት ነው። ትንሿ ማራገቢያ ከትልቁ ቬንትሌተር ጋር ስትታገል ትሸነፋለች። የተዘጋው ሳጥን ደግሞ ያንኑ የጋለ አየር ደጋግሞ ያስተነፍሰዋል።

ስለዚህ ዛሬ ምንም ብሎን ሳትፈታ አንዱን ማሽን ከሳጥኑ አውጣ። ጠረጴዛ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቀህ፣ በቀትር ሙቀት ሁለት ሰዓት አጫውትበት። ካልጠፋ በሽታው ሳጥኑ ነው። ሳጥኑን መተው አይጠበቅብህም፤ የጀርባውን ብረት አስቆርጠህ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት አስበይድበት፣ ከፊት ለፊቱም በማሽኑ ስንጥቆች ልክ ክፈትለት። ከስር ስፖንጅ ወይም ምንጣፍ ካነጠፍክ አንሳው። ቬንትሌተሩንም ከፊት በኩል አድርገው።

ከሳጥኑ ወጥቶም ከጠፋ አጠፋፉን ተመልከት። ጠዋት ዘግይቶ፣ ከሰዓት ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀት ነው። ሳይግልም፣ ገና በአምስተኛው ደቂቃ፣ አንዳንዴ ደግሞ ማታ የሚጠፋ ከሆነ ግን የኃይል ችግር ነው። ጎረቤት ምጣድ ሲለኮስ ማሽንህ አብሮ ከጠፋ እሱን መክፈት ጊዜ ማባከን ነው፤ በዚያ ሰዓት ሶኬቱን በቴስተር ለካ።

ሙቀት መሆኑን ካረጋገጥክ አሁን ይከፈታል። ሶኬቱን ነቅለህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ውስጡ ያለው የኃይል ክፍል 220 ቮልቱን ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሚቀይር ዋናው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዘው ክፍል) ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ጠብቀህም ቢሆን በጣትህ አትንካው። ብሎኖቹ ከስር በኩል በትናንሽ ክዳኖች ተሸፍነዋል። ብሎኖቹን ፈትተህ የማሽኑን የላይ ክዳን ስታነሳ ቀስ በል፤ ከማብሪያው ቁልፍ ወደ ሰሌዳው የሚሄድ እንደ ወረቀት የሳሳ ጠፍጣፋ ገመድ አለ። በችኮላ የተከፈቱ ማሽኖች ብዙ ጊዜ የሚመጡልኝ ይቺ ገመድ ተቀድዳ ነው፤ ለአቧራ የተከፈተ ማሽን በገመድ ይሞታል።

ማራገቢያዋን ስታወጣ ከበስተኋላዋ የምታገኘውን አስቀድሜ ልነግርህ እችላለሁ። ባለፈው ወር ከከፈትኩት አንድ ማሽን በወረንጦ ይዤ ያወጣሁት አቧራ አልተበተነም፤ እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ተያይዞ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ የማራገቢያዋ ቅርጽ ታትሞበት ነበር። ማሽኑ በዚያ ውስጥ ነበር የሚተነፍሰው። አቧራውን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጥረግ። ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕሬሰር አታስነፋው፤ ከታንከሩ ውኃ ይረጫል፣ ማራገቢያዋንም ከአቅሟ በላይ አሽከርክሮ ያበላሻታል። በትንሽ የእጅ መንፊያ የምትጠቀም ከሆነ ክንፎቹን በጣትህ ያዝ።

ማራገቢያዋን በጣትህ ግፋት። ለስልሳ ብዙ ዙር ከዞረች ጤነኛ ናት። ከደረቀችና ከቆመች ከመሃሏ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት ገልጠህ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጣልባት፤ የምግብ ዘይት ይጋገራል። ካልተሻላት ባለ 12 ቮልት፣ 60 ሚሊሜትር፣ በውፍረትም ልኳ የሆነች ማራገቢያ ተካላት። የአየሩን አቅጣጫ ሳታዞር ግጠማት፤ ብዙዎቹ ላይ በጎኗ ቀስት አለ።

በቺፖቹና በብረቱ መካከል ያለውን ተርማል ፓድ፣ ማለትም ሙቀት የሚያስተላልፈውን ለስላሳ ንጣፍ፣ ያለ ምክንያት አታንሳው። አሮጌ ስለሆነ ሲነሳ ይቀደዳል። በምትኩ የኮምፒውተር ተርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ብቻ የሚቀቡ አሉ፤ ፓዱ የሞላው ክፍተት ለፔስት ሰፊ ስለሆነ ብረቱ ቺፑን በደንብ ሳይነካ ይቀራል፤ ማሽኑ ከበፊቱ ብሶ ይግላል። ፓዱ ከተቀደደ በዚያው ውፍረት ፓድ ይተካ።

ስትገጥም የማራገቢያዋን ሶኬት እንዳትረሳ። ማሽኑን አብርተህ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ከጀርባዋ ያዝ። ሶፍቱ ወደ ውጭ መወዝወዝ አለበት፤ ወደ ማሽኑ ከተጠጋ ማራገቢያዋን ገልብጠህ ገጥመሃታል።

ሦስተኛው ማሽን የአጎትህ ልጅ ከዋሽንግተን የላከልህ ነው ብለሃል። ጀርባው ላይ 120 ቮልት ተጽፎ ካየህ በቀጥታ 220 ሶኬት ላይ እንዳትሰካው፤ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። አሁን ያለውን ትራንስፎርመር ከማሽኑ ጋር በአንድ ሳጥን ቆልፈህበት ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ አውጣው፤ እሱም ራሱ ይግላል፣ ሙቀቱም ሁሉ የሚሄደው ወደ ማሽኑ ነው።