አስከሬኔን ለማን ልስጥ? ከባሕር ማዶ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ሞት ዝግጅት ናቸው፦ አስከሬንን ለሕክምና ትምህርት ስለ መስጠት፣ ወደ አገር ቤት ስለ መላክ፣ ስለ ኑዛዜና ስለ ውክልና። ሕጉ ከአገር አገር፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ፣ እያንዳንዱን መልስ የሚያነቡት ጠያቂው የሚኖርበትን ቦታ እያሰቡ ይሁን።

«መንጃ ፈቃዴ ላይ የለጋሽ ምልክት አለ። ስሞት ሐኪሞች እንዲማሩብኝ ስለምፈልግ ይኸው ይበቃል ብዬ ነበር። ልጆቼ ግን አይሆንም ይላሉ። መከልከል ይችላሉ?» ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ምልክቱ አይበቃም። እሱ የሚፈቅደው ኩላሊት፣ ጉበት፣ የዓይን ብሌንና የመሳሰለው ለታማሚ እንዲሰጥ ነው። ሙሉ አስከሬን ለትምህርት የሚሰጠው በሌላ ምዝገባ ነው። በሜሪላንድ የሚመዘግበው ባልቲሞር ያለው የስቴቱ አናቶሚ ቦርድ ነው፤ ቨርጂኒያም የራሷ የስቴት ፕሮግራም አላት። ቅጹን አስልከው፣ የሚጠይቀውን ፊርማና ምስክር አሟልተው ይመልሱ፤ አንድ ቅጂ ለልጆችዎ፣ አንድ ቅጂ ለሐኪምዎ ይስጡ።

ሁለቱንም ልገሳ መመዝገብ ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉን ግን ይወስኑ። የውስጥ አካል አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው ሰው ሆስፒታል ውስጥ በመተንፈሻ መሣሪያ እየተረዳ ሲሞት ነው። ቤቱ ተኝቶ የሚያርፍ ሰው ልብና ጉበቱ ለሌላ አይደርስም። የውስጥ አካል የተወሰደበትን አስከሬን ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አይቀበሉም፤ የዓይን ብሌን ብቻ ከሆነ ግን አብዛኞቹ ይቀበላሉ። ስለዚህ «መጀመሪያ ለታማሚ፣ ያ ካልሆነ ለትምህርት» ብለው ይጻፉ።

ልጆችዎን በተመለከተ፣ በ1968 ወጥቶ በ2006 የተሻሻለውን የአካል ልገሳ ሞዴል ሕግ አብዛኞቹ ስቴቶች ተቀብለውታል። በእሱ መሠረት አዋቂ ሰው ራሱ የፈረመውን ልገሳ ቤተሰብ ሊሽረው አይችልም፤ እርስዎ ግን በፈለጉት ጊዜ መሰረዝ ይችላሉ። ሕጉ ይህን ቢልም በዚያች ቀን ስልክ የሚደውሉት ልጆችዎ ናቸው። ካልደወሉ፣ ወይም ፊውነራል ሆሙ (የቀብር አገልግሎት ድርጅቱ) ለስንብት ብሎ አስከሬኑን በራሱ መድኃኒት ካቆየው፣ ልገሳው ሳይፈጸም ይቀራል። እንግዲህ ልጆችዎን በሕግ ከመርታት ይልቅ ዛሬ ቁጭ ብሎ ማሳመን ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም፦ የተመዘገበ ሰው ሁሉ ተቀባይነት አያገኝም። ትምህርት ቤቱ የሚወስነው ሞት ከደረሰ በኋላ ነው። ፖሊስ ወይም ሐኪም የአስከሬን ምርመራ አድርጎ ከሆነ ይመለሳል፤ ማቆያው ኬሚካል በደም ሥር ውስጥ ስለሚሰራጭ፣ ደም ሥሩ የተቆረጠ አስከሬን በደንብ አይጠበቅምና። ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ከገደብ ያለፈ ክብደት፣ ከባድ አደጋ፣ ዘግይቶ መገኘትም ያስመልሳሉ። ከፕሮግራሙ ክልል ርቆ መሞትም እንዲሁ፤ አዲስ አበባ ለጥየቃ ሄደው ቢያርፉ ባልቲሞር አይቀበልዎትም። ስለዚህ ልገሳውን በጻፉበት ወረቀት ግርጌ ሁለተኛውን ዕቅድ ይጨምሩ፦ የት ልቀበር፣ ማን ይክፈል፣ ለየትኛው ዕድር ይነገር። ይህ ያልተጻፈበት ልገሳ ቤተሰብን በመርዶው ቀን መላ ያሳጣል።

«አስከሬን ለሚሰጥ ሰው ገንዘብ ይከፈላል ይባላል። እውነት ነው?» ዳላስ፣ ቴክሳስ

የሕክምና ትምህርት ቤቶች አይከፍሉም። ብዙዎቹ በክልላቸው ውስጥ ማጓጓዣውንና መጨረሻ ላይ ማቃጠሉን ይሸፍናሉ፤ ያ ነው «ጥቅሙ»። «ሁሉንም በነፃ እንጨርሳለን» የሚሉ የግል ድርጅቶች አሉ፤ እነሱ ትምህርት ቤት አይደሉም፤ አስከሬኑን ከፋፍለው ለተለያዩ ተቋማት ሊልኩት ይችላሉ። ከመፈረምዎ በፊት አስከሬኑ ሳይከፋፈል በአንድ ቦታ ይቆይ እንደሆነና ምን ያህሉ ለቤተሰብ እንደሚመለስ በጽሑፍ ያስመልሱ። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ የጤና መድን የሚከፍለው የቀብር ገንዘብ በ2004 ስለቀረ፣ ብዙ የአናቶሚ ተቋማት ለጋሹን ራሱን አስቀድሞ ያስከፍላሉ።

«የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ። ገላዬን ለሕክምና ትምህርት ቤት ብሰጥ፣ በኋላ አዲስ አበባ ከእናቴ አጠገብ መቀበር እችላለሁ?» ለንደን

በ2004 የወጣው የሰው አካል ሕግ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ሟቹ በሕይወት ሳለ በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት እንዲፈቅድ ያዛል። ከሞት በኋላ የትዳር ጓደኛም ልጅም በእርስዎ ፋንታ መፍቀድ አይችሉም። ከ2020 ጀምሮ በእንግሊዝ የሚሠራው «ያልተቃወመ እንደፈቀደ ይቆጠራል» የሚለው ደንብ ለንቅለ ተከላ ብቻ ስለሆነ እዚህ አይሠራም።

ትምህርት ቤቱ አስከሬኑን ብዙ ጊዜ እስከ ሦስት ዓመት ያቆየዋል፤ መጨረሻውም በተለመደው አሠራር ማቃጠል ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት አስከሬን ማቃጠል ተቀባይነት ስለሌለው የእርስዎ ጉዳይ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሳያቃጥሉ ለቤተሰብ ይመልሳሉ፤ ወጪው ያን ጊዜ የቤተሰብ ይሆናል። ይህን ቃል በጽሑፍ ካላገኙ አይፈርሙ። ጊዜውንም ያስቡት፦ ትምህርት ቤቱ አስከሬኑን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈልገዋል፤ ሰልስቱ፣ አርባውና ሙት ዓመቱ ከቀብሩ በፊት ያልፋሉ። ፍትሐቱ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚሆን ከነፍስ አባትዎ ጋር ዛሬ ይነጋገሩ።

ከእናትዎ አጠገብ ማረፍ ከሁሉ የሚቀድምብዎ ከሆነ እኛ የምንመክረው የዓይን ብሌን ልገሳን ነው። ከሞት በኋላ በሰዓታት ውስጥ ተወስዶ ያልቃል፣ ግንዘቱንም ጉዞውንም አያግድም። አስከሬን ከእንግሊዝ ለማስወጣት ግን ለኮሮነር (የሞትን ምክንያት ለሚመረምረው ባለሥልጣን) ማስታወቂያ መስጠትና አራት ቀን መጠበቅ ስላለ፣ የአውሮፕላን ቀን ለዘመድ ከመንገር በፊት ይህን ይጨርሱ።

«አባታችንን ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ከየት እንጀምር? ዕድራችን የሚሸፍነው ከፊሉን ነው።» አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ዋጋ ሳይጠይቁ ፊውነራል ሆም አይምረጡ። ከ1984 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ዋጋን በስልክ እንዲነግሩ፣ በአካል ለመጣ ደግሞ የታተመ የዋጋ ዝርዝር እንዲሰጡ ያስገድዳቸዋል። ዝርዝሩ ላይ «አስከሬን ወደ ሌላ ፊውነራል ሆም ማስተላለፍ» የሚል መስመር አለ፤ እናንተን የሚመለከታችሁ እሱ ነው። ለሦስት ቦታ ደውላችሁ የዚህን መስመር ዋጋና በውስጡ ምን ምን እንደተካተተ ጠይቁ። ሳጥን ከሌላ ቦታ ብትገዙ እምቢ ሊሉም፣ ተጨማሪ ሊያስከፍሉም አይችሉም።

በተለምዶ የሚያስፈልጉት ወረቀቶች የሞት ምስክር ወረቀት፣ አስከሬኑ በመድኃኒት መቆየቱን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ተላላፊ በሽታ እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የአስከሬን ማጓጓዣ ፈቃድና የሟቹ ፓስፖርት ናቸው። ኤምባሲው የሚፈልገውን ዝርዝር በዚያው ሳምንት ደውላችሁ አረጋግጡ። የሞት ምስክር ወረቀቱን ከስድስት የማያንስ የተረጋገጠ ቅጂ አውጡ፤ ባንክ፣ መድን፣ ዕድርና የአዲስ አበባ የውርስ ጉዳይ እያንዳንዳቸው የተረጋገጠ ቅጂ ይጠይቃሉ። ካርጎ ላይ አስከሬን የሚያስረክበው ቤተሰብ ሳይሆን አየር መንገዱ የሚያውቀው የተመዘገበ ላኪ ነው፤ ስለዚህ ፊውነራል ሆሙ ይህ ምዝገባ እንዳለው ጠይቁ።

ጉዞውን በብዛት የሚያዘገየው ስም ነው። ፓስፖርቱ ላይ የአባት ስም አንድ ዓይነት፣ ሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ሌላ ፊደል ይሆናል፤ ወይም የአያት ስም ይጎድላል። የሞት ምስክር ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ረቂቁን አሳዩን በሉ፤ ፓስፖርቱን አጠገቡ አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ከታተመ በኋላ ማስተካከል ብዙ ቀን ይፈጃል። ሁለተኛው ምክንያት ድንገተኛ ሞት ነው፦ የሕግ ሐኪሙ ምክንያቱን «ገና አልታወቀም» ብሎ ሲጽፍ፣ ከተላላፊ በሽታ ነፃ የሚለውን ደብዳቤ ማግኘት ይከብዳል። ሦስተኛው ቦሌ ላይ ነው። የተቀባዩ ስም መታወቂያው ላይ ባለው አጻጻፍ ካልተመዘገበ፣ ለቅሶኛው ውጭ ቆሞ አስከሬኑ መጋዘን ያድራል።

ዕድሩን በሚመለከት፣ ደንቡ ላይ ገንዘቡ መቼ እንደሚለቀቅ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚከፈለው የሞት ምስክር ወረቀት ከቀረበ በኋላ ሲሆን፣ ፊውነራል ሆሙ ደግሞ ቅድሚያ ይፈልጋል። ሊቀ መንበሩ ክፍያው በቀጥታ ለፊውነራል ሆሙ እንዲሆን ደብዳቤ ቢጽፍ ይህ ይቃለላል። እስላም ወገኖች ግን መድኃኒት የመጨመሩንና የመቆየቱን ነገር ስለማይወዱት፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በሙስሊም መቃብር በአንድ ቀን ውስጥ መቅበርን ይመርጣሉ፤ ወጪውም በእጅጉ ያንሳል።

«አዲስ አበባ ላለው ቤቴ ወንድሜ ሙሉ ውክልና አለው። ከእኔ በኋላም እሱ ያስፈጽማል፤ ኑዛዜ ለምን ያስፈልገኛል?» ፍራንክፈርት

በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2232 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል። ወንድምዎ ከዚያ በኋላ ቤቱን ቢሸጥ ወራሾች ሊከሱት ይችላሉ።

በእጅ የሚጻፍ ኑዛዜ ይጻፉ። አንቀጽ 884 እንደሚለው ሙሉ በሙሉ በእጅዎ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ በእያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። የጀርመን ሕግም በእጅ የተጻፈና የተፈረመ ኑዛዜን ስለሚቀበል፣ በዚህ መልክ የተጻፈ ወረቀት በሁለቱም አገር በቅርጹ ይቆማል። ሰባት ዓመት ሳይሞላው በውልና ማስረጃ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ያስቀምጡት፤ ካልሆነ ይፈርሳል። ባለትዳር ከሆኑ ይጠንቀቁ፦ ጀርመኖች ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት የሚናዘዙበትን ይፈቅዳሉ፣ የእኛ ሕግ በአንቀጽ 858 ግን እንዲህ ያለውን ፈራሽ ያደርጋል። ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ፊርማ ይሁን። ጀርመንን ጨምሮ በአብዛኞቹ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ውርስ በመኖሪያ አገር ሕግ ይገዛል፤ የዜግነትዎ ሕግ እንዲገዛው ከፈለጉ ኑዛዜው ላይ በግልጽ ይምረጡ።

ስለ ቀብር ብቻ ከሆነ በሁለት ምስክር ፊት በቃል መናዘዝም ይቻላል፤ ግን ሦስት ወር ካለፈው ዋጋ ያጣል።

«እናቴ 82 ዓመቷ ነው፣ መርሳት ጀምራለች። ከሐኪሞች ጋር ማን ይወስንላት?» ባልቲሞር

ገና የምትረዳ ከሆነ በዚህ ሳምንት ወኪሏን በጽሑፍ ትሰይም። ሜሪላንድ ሁለት ምስክሮች ይፈልጋል፤ ወኪል የሆነው ሰው ራሱ ምስክር መሆን አይችልም። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጅ ለእናቱ ሞትን እያስተረጎመ እንዲቀመጥ አትፍቀዱ። ስድስት ወር ወይም ከዚያ ያነሰ ዕድሜ እንደቀራት ሐኪሞች ሲያረጋግጡ ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ካላት የሆስፒስ፣ ማለትም በሕይወት መጨረሻ ሕመምን የሚያስታግስ፣ እንክብካቤ ይሸፍንላታል።

«ወንድማችን ሪያድ ውስጥ በኮንስትራክሽን ኩባንያ ሲሠራ ሞተ። ኩባንያው የማጓጓዣውን እናንተ ክፈሉ ይላል።» ደሴ

አትክፈሉ። የሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 40 አስከሬኑን አዘጋጅቶ ሠራተኛው ወደተቀጠረበት ቦታ የመላክ ወጪን በአሠሪው ላይ ይጥላል። ይህ የሚቀረው ቤተሰቡ እዚያው እንዲቀበር ከተስማማ ወይም የማኅበራዊ ዋስትናው ድርጅት ወጪውን ከሸፈነ ነው። ይህ አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን አይጨምርም፤ ለእነሱ የሥራ ውላቸውና መድናቸው ይታያል።

ለሪያዱ ኤምባሲ ወይም ለጅዳው ቆንስላ የወራሽነት ማስረጃና የውክልና ወረቀት ላኩ፤ የቀረ ደመወዙም የሚጠየቀው በዚሁ ነው። በአንቀጽ 84 መሠረት ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የግማሽ ወር፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ክፍያ አለው። አስከሬኑን ለመልቀቅ ተብሎ በዐረብኛ የሚቀርብ «ምንም ቀሪ የለንም» የሚል ወረቀት ሳይተረጎም አይፈረም።