«ውሃ ጠል» ወይስ «ውሃ ፈሪ»?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለ ፕሮቲን በአማርኛ ማስታወሻ ሳዘጋጅ «ሃይድሮፎቢክ» (ከውኃ ጋር የማይዋሃድ) የሚለውን «ውኃ ፈሪ» አልኩት። ባልደረባዬ «ውኃ ጠል ነው የሚባለው» አለኝ። የቱ ነው ትክክሉ?

መልስ፦ ውኃን በብዙኃኑ «ኃ» ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ራሴ ከተውኩት ቆየሁ።

ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ሂዶር» ውሃ፣ «ፎቦስ» ፍርሃት። ድሮ ሐኪሞች የእብድ ውሻ በሽታንም በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር፤ በሽተኛው ውሃ ልጠጣ ሲል ጉሮሮው ይታነቃላ። በትርጉም ከሄድን የእርስዎ «ፈሪ» ይረታል።

«ጠል» ግን አይዋጥልኝም። የጠላ ግእዙ «ጸልአ» ነው፤ ጸ በአማርኛ ጠ ሆነ። ጤዛ ማለት የሆነው «ጠል» ግን ከጥንትም በጠ ነው። «ውሃ ጠል ቅጠል» ሲሉኝ ታዲያ የሚታየኝ ጤዛ ያዘለ ቅጠል ነው። ጎደሬን ከዝናብ በኋላ ይዩት፤ ጠብታው እንደ ብይ ክብ ይሆንና አቧራውን ይዞ ተንከባሎ ይወድቃል። ቅጠሉ ደረቅ! ሚስጥሩ ገጹ ላይ ያሉት ሰም የለበሱ፣ በዓይን የማይታዩ ጉብታዎች ናቸው። ጠል ያደረበትም ይኸው ቅጠል ነው፣ ጠሉን የሚጠላውም።

«እንዲህ ያለ ቅጽል አማርኛ የለውም» የሚል ክርክርም ነበረኝ። «ሥጋ በል» አፌን አስያዘኝ። በላ «በል» ካለ፣ ጠላ «ጠል» ቢል ምን ይደረጋል?

ነገሩን ካየነው ፍርሃትም ጥላቻም የለበትም። አሜሪካዊው ኬሚስት ጆኤል ሂልደብራንድ በ1979 እ.ኤ.አ. ስሙን ተቃውሞ ጽፏል። ዘይትና ውሃ ይሳሳባሉ። ውሃ ከውሃ ጋር ያለው መሳሳብ ግን ስለሚበልጥ ባዳው ወደ ዳር ይገፋል። ፕሮቲን ሲታጠፍም ዘይት መሰሎቹ አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች) በአብዛኛው ወደ ውስጥ ይሸሸጋሉ። እንቁላል ሲቀቀል ያ እጥፋት ይፈታል፤ የተሸሸጉት ይወጡና እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ነጩም ይረጋል።

ሳይንሱ እንግዲህ ለሁለታችሁም አልፈረደም። እኔ ግን «ፈሪ» ይሁን እላለሁ። መሸሸግ የፈሪ ነው፤ ለጆሮዬም ይጥማል። ልጄ «ውሃ ጠል» ስትል ሰምቼ አረምኳት። «አባዬ፣ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚለው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ምን ላድርጋት።