በታኅሣሥ ሌሊት የጠፋችው ጨረቃ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፣ እናቴ ዘወትር የሚያነሡት አንድ ሌሊት አለ። በ1985 ዓ.ም. ኅዳር አልቆ የታኅሣሥ ልደታ ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ለጸሎት ተነሥተው አራት ኪሎ ከነበረው ቤታችን ወደ ግቢው ሲወጡ፣ ሲመሽ ሙሉ ሆና ያዩዋት ጨረቃ ከሰማይ ጠፍታ በቦታዋ የጠፋ ፍም የመሰለ ጠቆር ያለ ክብ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከዋክብቱ ከወትሮው ይልቅ ፈክተው እንደ ታዩዋቸው፣ ብርዱም በዚያች ሰዓት ድንገት እንደ በረታ ይናገራሉ። እኔንም ከእንቅልፌ ቀስቅሰው፣ በጋቢ ጠቅልለው አሳይተውኛል፤ የ9 ዓመት ልጅ ነበርሁና ዛሬ የማስታውሰው ብርዱን ብቻ ነው።

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ግርዶሽ በሆነበት ምሽት ሥራ ላይ ስለነበርሁ ሳላይ ቀረሁ። በማግስቱ በስልክ የደረሱኝ ፎቶዎች ጨረቃን እንደ ሸክላ ቀይ አድርገው ያሳያሉ። እናቴ ፎቶዎቹን ተመልክተው «ይህ እኔ ያየሁት አይደለም፤ የእኔዋ ጠፋች እንጂ አልቀላችም» አሉኝ። ለመሆኑ እናቴ ያዩት የጨረቃ ግርዶሽ ነበርን? ከነበረስ ለምን አልቀላም? ብርዱስ ከግርዶሹ የመጣ ነው? አሁን የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ እናቴን ይዤ ከመሀል ከተማ ሳንወጣ፣ እንደዚያው ባለ ብርዳም ሌሊት የምናየው ግርዶሽ መቼ ይመጣል?

አንባቢያችሁ፣ ከልደታ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ እናትዎ ያዩት በእርግጥ የጨረቃ ሙሉ ግርዶሽ ነው፤ አልቀላችም ማለታቸውም ትክክል ነው። በኅዳር 30 ሌሊት፣ ለታኅሣሥ 1 ቀን 1985 ዓ.ም. አጥቢያ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ የምድር ጥላ የጨረቃን ጠርዝ መንካት ጀመረ፤ ከ8 ሰዓት ከ7 ደቂቃ እስከ 9 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ድረስም ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በጥላው ውስጥ ቆየች። እናትዎ የወጡበት 9 ሰዓት በዚሁ መካከል የሚውል ነው። በዚያ ሌሊት ግርዶሹን በየሀገሩ የተከታተሉ ሰዎችም ጨረቃ እጅግ ጨልማ፣ ለአንዳንዱ ጨርሳ እስክትጠፋ ድረስ እንዳዩዋት ጽፈዋል።

ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድሞ ጨረቃ በግርዶሽ ጊዜ ለምን እንደምትቀላ ማወቅ ያሻል። ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል ስትገባ ጥላዋን በጨረቃ ላይ ታሳርፋለች፤ ይህ ጥላ ጨረቃ ካለችበት ርቀት ሲደርስ ወርዱ 9,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ 3,474 ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት ጨረቃ ጠቅላላ ልትገባበት ትችላለች። ሆኖም ምድር በአየር የተከበበች በመሆኗ ጥላዋ ፍጹም ጨለማ አይደለም። በምድር ዙሪያ ያለውን አየር አቋርጦ የሚያልፈው የፀሐይ ብርሃን በመጠኑ እየታጠፈ ወደ ጥላው ውስጥ ይገባል፤ በዚያ ረጅም መንገዱ ሰማያዊው ብርሃን በአየሩ ተበትኖ ይቀርና ቀዩ ያልፋል። ማታ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ አድማሱን የሚያቀላውም ይኸው ሥራ ነው። በግርዶሽ ጊዜ ጨረቃ ላይ ቆሞ ወደ እኛ የሚመለከት ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ምድርን በቀይ ቀለበት የተከበበች ጥቁር ክብ ሆና ያያት ነበር፤ ቀለበቱ በዚያች ቅጽበት በዓለም ዙሪያ የሚሆኑት ንጋቶችና ምሽቶች በአንድነት ናቸው። የግርዶሽ ጨረቃ የምትቀላው በእነርሱ ብርሃን ነው።

እንግዲህ በ1985 ዓ.ም. የጎደለው ይህ ብርሃን ነበር። ከዚያ ሌሊት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 8 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በፊሊፒንስ የሚገኘው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር። ፍንዳታው አመዱንና ጋዙን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰማይ አወጣ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ቶን የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ዝናብና ደመና ከማይደርሱበት የላይኛው አየር ገብቶ ወደ ደቃቅ የአሲድ ጠብታዎች ተለወጠ። እዚያ ከፍታ ላይ የሚያጥበው ዝናብ ስለሌለ፣ ጠብታዎቹ ምድርን ዞረው ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ቆዩ፤ የምድርን አማካይ ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ያህል እስከ መቀነስ ደርሰዋል። ወደ ጥላው የሚገባው ቀይ ብርሃን የሚያልፍበት መንገድ በእነዚህ ጠብታዎች ስለተጋረደ፣ ጨረቃ የሚደርሳት ብርሃን ከወትሮው እጅግ አነሰ። ከፊሊፒንስ የተነሣውን የእሳተ ገሞራ ጭጋግ እናትዎ አራት ኪሎ ግቢያቸው ውስጥ ሆነው በጨረቃ ላይ አይተውታል ማለት ነው፤ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በዓይናቸው ብቻ። ይህን ለእናትዎ እንዲነግሩልን እንለምናለን።

የጨረቃን የግርዶሽ መልክ የሚመዝኑበት መለኪያም አለ። አንድሬ ዳንዦን የተባለው ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ያወጣው ሲሆን ከ0 እስከ 4 ይደርሳል። ጨረቃ ልትታይ እስከማትችል ከጨለመች 0፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ከሆነች 1፣ እንደ ዛገ ብረት ጥቁር ቀይ ከሆነች 2፣ እንደ ሸክላ ከቀላች 3፣ ደማቅ የመዳብ መልክ ካላት 4 ይባላል። ልኬቱ በዓይን ብቻ የሚደረግ በመሆኑ ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል። «የጠፋ ፍም» የሚለው የእናትዎ ቃል በዚህ መለኪያ ወደ 0 የሚጠጋ ነው፤ እኛ ከዚህ የተሻለ መግለጫ አናገኝለትም።

ስለ ብርዱ የጠየቁት ግን ሁለት ነገር የተቀላቀለበት ነው። የጨረቃ ብርሃን ለእኛ የሚሰማ ሙቀት ስለሌለው መጥፋቱ የአዲስ አበባን አየር አያቀዘቅዝም። ብርዱን የሚያመጣው የሰማዩ መጥራት ነው። በሌላው ዓለም ብርዱ የክረምት ነው፤ በእኛ ሀገር ግን ክረምቱ ደመና ስለሚደርብ ሌሊቱ ይለዝባል፤ ቁሩ የሚበረታው በበጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ምድር ቀን የሰበሰበችው ሙቀት የሚይዘው ደመና አጥቶ ሌሊቱን ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከተማችንም ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል፤ እጅግ የሚከፋውም ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው። እናትዎ የወጡት በዚሁ ሰዓት ነው። ሰማዩን ያጠራላቸውና ያበረዳቸው ምክንያት አንድ መሆኑ ግን ልብ ሊባል ይገባል፤ ያ ሌሊት ቢሞቅ ኖሮ ደመና ይኖርበትና ጨረቃንም አያዩዋትም ነበር።

በግርዶሽ ጊዜ በእርግጥ የሚበርደው ጨረቃ ላይ ነው። ገጽዋ በቀጥታ ፀሐይ ሲመታው ከ100 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ሙቀት የሚያቆይ አየር የላትም፣ የለበሰችው ደቃቅ አቧራም ሙቀት አይዝም፤ ስለዚህ ጥላው ሲጋርዳት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪና ከዚያም በላይ ትወርዳለች።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንምጣ። ጨረቃ በየወሩ ብትሞላም ግርዶሽ በየወሩ አይሆንም፤ መንገዷ ከምድር መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከጥላው በላይ ወይም በታች ታልፋለች። የሚገጥምበት ጊዜ ግን ሥርዓት አለው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ጨረቃን በ19 ዓመት ዙር እንደሚቆጥሯት ሁሉ፣ ግርዶሽም ከ18 ዓመት ከ10 ወይም ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ያህል በኋላ አምሳያውን ይወልዳል። 8 ሰዓቱ ምድር የአንድ ሦስተኛ ዙር ያህል የምትዞርበት በመሆኑ፣ አምሳያው ግርዶሽ የሚታየው በሌላ የዓለም ክፍል ነው። የእናትዎ ግርዶሽ አምሳያ ታኅሣሥ 12 ቀን 2003 ዓ.ም. ሆነ፤ ያን ጊዜ ግን በአዲስ አበባ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ስለነበረ አላየነውም። ሁለተኛው አምሳያ፣ የዚያ የ1985ቱ ሌሊት የልጅ ልጅ ልንለው የምንችለው፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ይሆናል፤ እርሱም ለእኛ በምሽት ነው።

በዚያ ምሽት ጨረቃ ከምሥራቅ በምትወጣበት ሰዓት ግድም፣ ከቀኑ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ጥላው ይነካታል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ጀምሮ እስከ 2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች፤ 3 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ከጥላው ትወጣለች። አንድ ችግር ግን አለ፦ ግርዶሹ ሲጀምር ጨረቃ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ፣ ልደታ ላይ ከሕንጻዎች መካከል ሆኖ የመጀመሪያውን ክፍል ማየት ያስቸግራል። ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ከፍ ያለ ፎቅ ካለዎት እርሱ ይበቃል፤ ከሌለዎት መስቀል አደባባይ ወርዳችሁ ከደረጃው ላይ ወደ መገናኛና ወደ ኮተቤ አቅጣጫ ብትመለከቱ ይሻላል። ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ከብዙው ጣሪያ በላይ ከፍ ትላለች።

ሌላው በቀጣዩ ዓመት፣ በታኅሣሥ 11 ሌሊት፣ ለታኅሣሥ 12 ቀን 2022 ዓ.ም. አጥቢያ የሚሆነው ነው። ከእኩለ ሌሊት ትንሽ ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ከ7 ሰዓት ከ14 ደቂቃ እስከ 8 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ሙሉ ይሆናል። ጨረቃ ከአናት ብዙም ሳትርቅ ስለምትገኝ ከየትኛውም ግቢ ትታያለች፤ ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ሦስቱ ከዋክብትም በአቅራቢያዋ ተሰልፈው ይታያሉ። የእናትዎን ሌሊት በሁሉም ነገር የሚመስለው ይህ ነው፣ በብርዱም ጭምር። የእኛ ምክር ግን በዕድሜ ለገፉ ሰው የምሽቱ እንዲመረጥ ነው፤ የሌሊቱን እርስዎ ይዩላቸው፤ ጤናቸው ከፈቀደ ግን አይከልክሏቸው።

ለሁለቱም ጊዜ ቢሆን ወንበር ይዞ መውጣት ያስፈልጋል፤ ቆሞ ሽቅብ ሲመለከቱ አንገት ይደክማል፣ ብርዱም ከሲሚንቶው ወደ እግር ይወጣል። ጋቢ ለትከሻ፣ ወፍራም ካልሲ ለእግር፣ ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ይበቃል። ስለ ከተማው መብራት አይጨነቁ፤ የግርዶሽ ጨረቃን ለማየት ከከተማ መውጣት አያሻም። ዓይን ላይ በቀጥታ ከሚያበራ የመንገድ አምፖል ጀርባ መስጠት፣ ስልክንም ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ያህል ሳይመለከቱ መቆየት ግን ይረዳል። ጥላው ሲገባ ጠርዙን ያስተውሉ፤ ሁልጊዜ ክብ ነው። አርስቶትል ምድር ክብ መሆኗን ከተከራከረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነበር፤ ለልጆች ከዚህ የበለጠ ማሳያ አይገኝም። ጥላው ጨረቃን ሊሸፍን ጥቂት ሲቀረውም በጠርዙ ላይ ስስ ሰማያዊ መልክ ሊታይ ይችላል፤ ይህ በላይኛው አየር ካለው የኦዞን ንብር ያለፈ ብርሃን ነው፤ በባይኖኩላር ይጎላል።

ጨረቃ በዚያ ምሽት ትቅላ ወይም ትጨልም አስቀድሞ ሊነገር አይችልም፤ የሚወሰነው በዚያ ጊዜ የላይኛው አየር በሚኖረው ጥራት ነው። እናትዎ ሁለቱን በዓይናቸው አስተያይተው የሚሉትን ይጻፉልን፤ ቃላቸውን እንዳለ እናትመዋለን።

ጥያቄ፦ በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ግርዶሽ ያለ ልዩ መነጽር እንዳናይ ተነግሮን ነበር። ለጨረቃ ግርዶሽስ መነጽር ያስፈልጋል?

ከካዛንቺስ

መልስ፦ አያስፈልግም። በዚያ ዕለት የተጋረደችው ፀሐይ ነበረች፤ በላሊበላ አካባቢ እንደ ቀለበት ሆና ስትታይ በአዲስ አበባ ከፊሏ ተሸፍኖ ነበር፤ ያልተሸፈነው ጠርዝ ዓይንን እስከ መጨረሻው ሊጎዳ ይችል ነበር። የጨረቃ ግርዶሽ ግን ከተራ ሙሉ ጨረቃም የደበዘዘ ነው፤ በባዶ ዓይን፣ በባይኖኩላር ወይም በቴሌስኮፕ የፈለጉትን ያህል ቢመለከቱት አይጎዳም። ለፀሐይ ግርዶሽ የሚደረገውን ልዩ መነጽር ካደረጉበት ምንም አያዩም።