ወደ ባሕር መብራት ለምትወርዱ ልጆቼ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ፣ ካሜራ ከገዛች ብዙም ያልቆየች፣ ደሴ ፎቶ ቤቴ ድረስ መጥታ ምክር ጠየቀችኝ። ከጓደኞቿ ጋር ወደ ጅቡቲ ወርዳ፣ ከኦቦክ ከተማ ወጣ ብሎ ራስ ቢር በሚባለው ስፍራ የቆመውን የመርከብ መብራት ማማ ልታነሳ አስባለች። «ጋሼ፣ የትኛውን ሌንስ ብይዝ ይሻላል?» አለችኝ። ሰፊውንም ረጅሙንም ያዢ፣ ነገር ግን ከሌንሱ በፊት ማወቅ ያለብሽ ብዙ ነው ብዬ ሸኘኋት። እሷ አመስግና ሄደች፤ ጥያቄዋ ግን የተዳፈነ ቁጭት ቀስቅሶብኝ ሰንብቷልና፣ ያን ቀን ያልነገርኳትን ለእሷም ለእኩዮቿም በጽሑፍ ማስፈር ፈለግሁ።

በእኛ ጊዜ ለወሎ ሰው ባሕር ማለት አሰብ ነበር። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ደጋንን፣ ገርባንና ባቲን አልፎ፣ በኤሊውሃና በሚሌ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነበር፤ የእናቴም ወንድም በዚያው መንገድ ላይ ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና እየነዳ፣ ተሳቢ እየጎተተ አርጅቷል። ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች በኋላም የእኛ መኪኖች እንደ ወትሯቸው ይመላለሱ ነበርና፣ ከነዚያ ዓመታት በአንዱ፣ የቆላው ሙቀት በረድ ማለት ሲጀምር፣ አጎቴ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ አስቀምጦ ይዞኝ ወረደ። ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። የወደቡ መብራት በሌሊት እንዴት እንደሚዞር አጎቴ ከልጅነቴ ጀምሮ እየነገረኝ ስላደግሁ፣ ያንን ብርሃን ከነመኪኖቹና ከነሾፌሮቹ በአንድ ፎቶ ላይ ማስቀረት የዘወትር ምኞቴ ነበር።

የያዝኩት ካሜራ ዜኒት የሚባለው የፊልም ካሜራ ነው። ከሰከንድ አንድ ሠላሳኛ የዘገየ ፎቶ ለማንሳት መደወያውን «ቢ» ላይ አድርጎ፣ መዝጊያውን በገመድ ከፍቶ፣ ሰከንዱን በአፍ እየቆጠሩ መያዝ ግድ ይል ነበር። ፊልሞቼን በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከትቼ ነበር፤ ሙቀት ፊልምን ገና ሳይነሳበት ያስረጀዋልና ከባቲ በታች ያለውን ቁልቁለት ስናስብ ጭንቀቴ እሱ ነበር። በዚያን ጊዜ ሾፌሮች የሸራ ውሃ መያዣ ከመኪናው ግንባር ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ውሃው በሸራው እየሰረገ ነፋስ ሲመታው ይቀዘቅዛል። አጎቴ ጣሳውን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ከሸራው ጀርባ አሰረውና «አብሽር፣ ከውሃው ጋር ይጓዛል» አለኝ። አንዱም ፊልም አልተበላሸም። ዛሬ ባትሪና ካርድ ለምትይዙት ለእናንተም ነገሩ ያው ነው፤ ባትሪ ሙቀት አይወድም፣ በቆመ መኪና ውስጥ መስኮት ሥር የተተወ ካሜራም መንገድ ላይ ከሚጎዳው ይልቅ እዚያ ይጎዳል።

አሰብ የደረስነው በምሽት ነው። የጨው ሽታና የእርጥበቱ ክብደት ለደጋ ሰው አፍንጫና ደረት እንግዳ ነገር ነው፤ የጦሳ ተራራን ብርድ ለብሶ ያደገ ሰው እዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሲያልበው ያድራል። የከተማው ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ ይተኛ ስለነበር እኛም ከሾፌሮቹ ጋር ግቢ ውስጥ ተጋደምን፤ በአጥሩ በላይም መብራቱ ታየኝ። ይበራል፣ ይጠፋል፣ ጨለማው ረዘም ይላል፣ ደግሞ ይበራል። አጎቴ እንቅልፍ እንዳልወሰደኝ አይቶ መቁጠሪያውን ከኪሱ አወጣና ከአንዱ ብልጭታ እስከሚቀጥለው ድረስ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ማሳለፍ ጀመረ። በየዙሩ እዚያው ፍሬ ላይ ይደርሳል። ጣቶቹ ያቺ ፍሬ ላይ ሲያርፉ ብርሃኑ ግድግዳውን ይመታል። የሚያደርገው ሰዓት አጥቶ አልነበረም፤ በዚያ መንገድ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው መብራቱን በዚያ መልክ ነበር የሚያውቀው። ከዚያ በኋላ ብዙ መጽሔትና ብዙ መመሪያ አንብቤአለሁ፤ ስለ መብራት ማማ ከዚያ ሌሊት የበለጠ ያስተማረኝ ግን አላገኘሁም።

በማግስቱ ካሜራዬን ይዤ ወደ ወደቡ ስጠጋ አንድ ጠባቂ በትሕትና አስቆመኝ። ከደሴ ያጻፍኩትን ደብዳቤ አነበበና መልሶ አጥፎ ሰጠኝ፤ የሚፈቅድ ሰው ቢሮ ውስጥ ነው፣ ቢሮው ደግሞ ዛሬ ዝግ ነው አለኝ። ቀናት በዚህ አለፉ። ጭነቱ ተጠናቅቆ ልንመለስ አንድ ምሽት ሲቀረን ፈቃዱ መጣ፤ እሱም መብራቱ እስኪበራ ድረስ ብቻ ቆሜ እንዳነሳ የሚል ነበር። ፀሐይ እንደ ገባች ሰማዩ ደሴ ላይ እንደለመድኩት ከተራራው ጀርባ ቀስ እያለ አልጨለመም፤ ብርሃኑ በባሕሩ ላይ ሳላስበው አለቀ። መብራቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ጠባቂው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ፊልሙን ደሴ አጥቤ ሳወጣው ያገኘሁት ጥቁር ማማና ጫፉ ላይ የተቀመጠች ነጭ ነጥብ ነው። ጨረሩ የለም፤ መኪኖቹ የሉም፤ አጎቴ ከተሳቢው ጎን ቆሞ ነበር፣ እሱም በጨለማው ውስጥ ቀረ።

ፈቃዱን አስቀድሜ በደብዳቤ አስጨርሼ፣ ጨረቃ የምትወጣበትን ሌሊት መርጬ፣ እንደገና ልወርድ አቅጄ ነበር። አንድ ጊዜ ጭነት ታጣ፤ አንድ ጊዜ እናቴ ታመመች። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ። አጎቴ አሰብን ዳግም ሳያይ አረፈ። በ2011 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ዕለት በአሰብ መንገድ ባለችው ቡሬ ላይ ድንበሩ ሲከፈት፣ ሽማግሌ ሆኜም ቢሆን ካሜራዬን ወልውዬ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ መልሶ ተዘጋ። የአጎቴና የዚያ ብርሃን ፎቶ በእጄ አለመኖሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ስለዚህም ወደ ባሕር መብራት እሄዳለሁ የሚል ወጣት ሲመጣብኝ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

እንግዲህ ለጉዞው ከሁሉ አስቀድማችሁ ፈቃዱን ጨርሱ። ጅቡቲ የብዙ አገሮች የጦር ሰፈሮች የሚገኙባት አገር ናት፤ ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ቻይና፣ ጃፓንና ጣሊያን ሁሉም እዚያ አሉ። ስለዚህ ወደብ፣ አውሮፕላን ማረፊያና ወታደራዊ ቦታ ማንሳት የተከለከለ ነው፤ የመርከብ መብራት ማማም የመርከብ ሥራ መሣሪያ እንጂ የጎብኚ ሐውልት አይደለም። ያለ ፈቃድ ድሮን ይዞ ለመሻገር ማሰብ አይገባም። የዛሬ ልጆች ቦታውን በስልካችሁ ላይ አግኝታችሁ፣ ሌላ ሰው ያነሳውን አይታችሁ፣ ያንኑ ለመድገም በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ ትቸኩላላችሁ፤ ይህ አይዋጥልኝም። ለአንድ ማማ በትንሹ ሦስት ሌሊት መድቡ። አንዱን ደመናና አቧራ ሊወስደው ይችላል፣ አንዱን ፈቃድ ሰጪው፤ የሚቀረው ነው የእናንተ።

መብራቱ በዚያ ሰሞን የሚሠራ መሆኑን፣ የሚሠራም ከሆነ በስንት ሰከንድ አንዴ እንደሚበራ ከመነሳታችሁ በፊት አጣርታችሁ ያዙ። መርከበኞች አንዱን መብራት ከሌላው የሚለዩት በብልጭታው አኳኋን በመሆኑ፣ ይህ ቁጥር በባሕር ካርታዎችና በመብራቶች ዝርዝር ላይ ተጽፎ ይገኛል። የብዙዎቹ ነባር ማማዎች አሠራር ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦገስቲን ፍሬኔል እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ካወጣው ሌንስ የመጣ ነው። በመስታወት ቀለበቶች የተከበበው መብራት ሁልጊዜ እንደበራ ነው፤ የሚዞረው ሌንሱ ነው፤ ብርሃኑን ሰብስቦ እንደ ረጅም በትር ወደ ባሕሩ ይልከዋል፣ በትሩ ዓይናችን ላይ ሲያልፍ ብልጭታ ሆኖ ይታየናል። ይህን የተረዳ ሰው ካሜራውን ለሠላሳ ሰከንድ ከፍቶ አይተወውም፤ በትሩ ሰማዩን ሁሉ ስለሚጠርግ ፎቶው ላይ የሚቀረው ደብዛዛ ጭጋግ ነው። ጨረሩን ለይቶ ለማስቀረት አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ይበቃል፤ ለዚህም የሌንሱን ቀዳዳ ሰፋ፣ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 1600 ወይም 3200 ማድረግ ያስፈልጋል። መብራቱ ፊት ለፊት ወደ እናንተ ሲዞር ሌንሱን በጥቁር ካርቶን ለቅጽበት ጋርዱት፤ አለዚያ ያቺ አንዲት ቅጽበት ፎቶውን ታቃጥለዋለች። ከማማው ሥር አትቁሙ፤ ጨረሩ በላያችሁ ያልፋል። በመቶዎች ሜትር ራቅ በሉ፣ አየሩም ትንሽ እርጥበት ወይም አቧራ ይኑረው፤ ፍጹም በጠራ አየር ውስጥ ጨረር አይታይም።

ስለ ምሽቱ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኦቦክ ከላሊበላ ጋር በአንድ ኬክሮስ ላይ ነች ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ፀሐይ ከገባች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆየው እዚህም እዚያም ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ነው። ወደ ምሥራቅ ስለምትርቅ ግን፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት እየቆጠርን፣ ፀሐይ እዚያ የምትገባው ከእኛዋ ከሐይቅ ከተማ ሩብ ሰዓት ያህል ቀድማ ነው። ደሴ ላይ በለመዳችሁት ልማድ ከሄዳችሁ እኔን እንዳመለጠኝ ያመልጣችኋል። ቀጠሮ ስትይዙም የጅቡቲ ሰው 6 ሰዓት ሲላችሁ የእኛ 12 ሰዓት መሆኑን አትርሱ፤ ወደ ኦቦክ የሚሻገር ጀልባ በዚህ ምክንያት ያመለጠው ሰው አውቃለሁ።

ቀደም ብዬ ስልካችሁን አማርሬ ነበር፤ ለጨረቃና ለማዕበል ግን ስልካችሁ የሚሰጣችሁን እኔ ባገኝ ኖሮ ምንኛ በታደልሁ። የጨረቃዋን መውጫና መግቢያ አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ሙሉ ጨረቃ ጨረሩን ትውጠዋለች፤ ግማሽ ስትሆን፣ በመጀመሪያው ሳምንቷ መጨረሻ፣ ምሽት ላይ ማማውን አብርታ እኩለ ሌሊት ገደማ ትገባለችና በአንድ ሌሊት ሁለት ዓይነት ፎቶ ታገኛላችሁ። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ውሃው ጎልቶ ስለሚወጣና ስለሚመለስ፣ ቀን ደረቅ ሆኖ ያያችሁት ዐለት ሌሊት ሊከበብ ይችላል። ክረምቱን ተዉት፤ በሰኔና በነሐሴ መካከል የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ ከ40 ዲግሪ በላይ ይዞ ይመጣል። ከኅዳር እስከ የካቲት ውረዱ።

ከመውረዳችሁ በፊት ሐይቅ ላይ ተለማመዱ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ውሃውም፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ልሳነ ምድርም፣ ምሽቱም እዚያ አሉ። አንዳችሁ ከማዶ በባትሪ መብራት እየዞራችሁ፣ ሌላችሁ አንሱ። ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ፣ ትራይፖዱ፣ በጨለማ ሲቆለፍ፣ ጣት ቁልፉን ሳያይ ሲያገኘው፣ ነፋስ ሲነሳ የካሜራው ቦርሳ ከትራይፖዱ ሥር ሲንጠለጠል፣ ይህ ሁሉ እዚህ ነው የሚለመደው።

አንድ ነገር ግን ከፎቶግራፍ በላይ ያሳስበኛል። ኦቦክ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1862 በውል ከገዟት ጀምሮ የምትታወቅ ነባር ወደብ ብትሆንም፣ ለእኛ ለወሎዎች ግን ልጆቻችን በባቢልመንደብ ጠባብ ባሕር በኩል ወደ የመን ለመሻገር የሚሰበሰቡባት የባሕር ዳር ናት። በመንገዱ ላይ በእግራቸው የሚጓዙ፣ የእናንተን አነጋገር የሚናገሩ፣ ምናልባትም ሰፈራችሁን የሚያውቁ ልጆች ታገኛላችሁ። ውሃ ስጧቸው፣ ስማቸውን ጠይቁ፣ ወደ ቤት የሚላክ መልእክት ካላቸው ተቀበሉ። ሳይፈቅዱላችሁ አታንሷቸው፤ ቢፈቅዱም ፊታቸው የሚለይ ፎቶ ለማንም አታሳዩ፤ እናታቸው ያላወቀችውን ከእናንተ ስልክ ላይ ማወቅ የለባትም። በዚህ ላይ እኔ ጥብቅ ነኝ፤ ከእኔ ጋር የሚሠሩ ልጆችም ያውቁታል።

ስትመለሱ ሌንሱን በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ፤ በመስታወቱ ላይ የተቀመጠው ጨው እንደ አሸዋ ስለሆነ ይቧጭረዋል። በመጀመሪያ በንፋስ መንፊያ አራግፉት፣ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ አንሱት፤ የትራይፖዱንም እግሮች ፈታታችሁ እጠቡ። ከቀዘቀዘ የሆቴል ክፍል ወደ ውጭው እርጥበት ስትወጡ ሌንሱ በላብ ይሸፈናልና ቦርሳውን ሳትከፍቱ ግማሽ ሰዓት ውጭ አስቀምጡት። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጨረቃዋን መጠን፣ የነፋሱን አቅጣጫና በብልጭታዎቹ መካከል የቆጠራችሁትን ሰከንድ በደብተር ላይ ጻፉ። ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ፎቶ ቤቴ ኑ፤ የእኔንም አውጥቼ አሳያችኋለሁ።