ቡና ስወቅጥ እናቴ ዝም ትላለች

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤ የመጻፍ ልማድ የለኝም። ግን ያለፈው ቅዳሜ አንጀቴ አረረ፣ ቡናዬም አብሮ አረረ። ለአንድ ሰው ካልተነፈስኩ የምፈነዳ መሰለኝ።

የ42 ዓመት ሴት ነኝ። ጎንደር ነው የምኖረው፣ ከእናቴ ጋር። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ እህቴ ከአገር ከወጣች ቆይታለች። እናቴን የማስታምመው እኔ ነኝ፤ ይህን የምለው ለምስጋና አይደለም። ወደ 80 ይጠጋታል። ጉልበቷ ነው እንጂ ጭንቅላቷ ከእኔ ይሻላል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ቅዳሜ ገበያ ወርጄ የሳምንቱን እሸምታለሁ። ከሰዓት በኋላዋ ግን እግሬን ዘርግቼ የማርፍባት ነበረች። ነበረች ነው የምልዎት።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ተማሪ መጣ፣ ከዩኒቨርሲቲው። ስለ ደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ጽሑፍ እየሠራ ነው። ያን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ሲያፈላልግ የእድራችን ዳኛ ወደ እኛ ቤት ላከው። እናቴ የተወለደችው ደምቢያ ነው፣ ከቆላድባ ወዲያ። ወረርሽኙ ሲገባ የሰባት ስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እናትና አባቷ በአንድ ወር ውስጥ ሞቱና አያቷ በበቅሎ ጎንደር አምጥተው ለዘመድ ሰጧት። ይህን እኔም አውቃለሁ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የማውቀው። «ወባ ጨረሳቸው» ትላለች፣ በቃ።

አንድ ቀን ጠይቆ ይሄዳል ብዬ ነበር። ይኸው ስምንተኛ ቅዳሜው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩን ያንኳኳል። እናቴ ከስድስት ሰዓት ጀምራ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ ትጠብቀዋለች። እኔ ከሥራ ስገባ «መጣሽ?» ብቻ የምትል ሴትዮ፣ ለእሱ «እሰይ፣ ልጄ መጣልኝ» ትላለች። ቡና የማፈላው እኔ። ቆሎ የምቆላው እኔ። ስኳር ስንት እንደገባ እርስዎም ያውቁታል፤ ልጁ ደግሞ ሦስት ማንኪያ ነው የሚያደርገው። ጎረቤቱም «ማነው ይሄ ጎረምሳ?» ማለት ጀምሯል።

ክፉ ልጅ እንዳይመስልዎ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና «እማማ፣ ልቅዳ?» ብሎ ያስፈቅዳል። የምታናድደኝ እሷ ናት። ወባውን በሁለት ቅዳሜ ጨረሱ። ከዚያ ወዲህ የምታወራው ሌላ ሌላውን ነው። የሰው ቤት እንጀራ ስትጋግር ስላደገችው። ሌሊት እየተነሳች ጠላ ስትጠምቅ። አባታችንን እንዴት እንዳገኘችው። 42 ዓመት አብሬያት ኖሬ ሰምቼ የማላውቀውን።

እልህ ይዞኝ ቡናውን ማድ ቤት ማፍላት ጀመርኩ። ሳሎን ተቀምጬ የገዛ እናቴን ታሪክ እንደ እንግዳ መስማት ደበረኝ። ማድ ቤቱና ሳሎኑ በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት፣ ወሬው ይሰማል። ንቀቷ እንዲገባዎት አንድ ነገር ልንገርዎ። ቡና ስወቅጥ ወሬዋን ታቆማለች። ልጁ «ችግር የለም እማማ፣ ይሰማኛል፣ ይቀጥሉ» ይላታል። አትቀጥልም። ዘነዘናዬን እስካስቀምጥ ድረስ ጸጥ ብላ ትቀመጣለች። በገዛ ቤቴ ቡና የምወቅጠው በሰቀቀን ሆነ።

ወደ ያለፈው ቅዳሜ ልምጣ። እኔ ያደግኩት ጎረቤታችን ቤት ነው ማለት ይቻላል። ሴትዮዋን «እማማ» ነበር የምላቸው። እናቴ ጠላ ስትሸጥ የምውለው እዚያ፣ የምበላው እዚያ፣ አንዳንዴም የማድረው እዚያ ነበር። ያረፉት ከስድስት ዓመት በፊት ነው፣ ዘጠና አልፏቸው። ግድግዳቸው ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ ነበር፣ ጸጉሩን አፍሮ ያበጠረ። ልጃቸው ነው። በቀይ ሽብር እንደሞተ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ቡናውን እየቆላሁ እናቴ ስለ እሱ ስታወራ ሰማሁ። ዘመኑ 1970 ነው። ልጁ ሲታሰር እማማ በድንጋጤ እግራቸው ከዳቸው። ስንቁን የምታመላልሰው እናቴ ሆነች። በሩ ላይ «እህቱ ነኝ» እያለች። አንድ ቀን አብዮት ጠባቂው አገልግሉን ሳይቀበላት «ከእንግዲህ እንዳታመጪ» አላት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ሕፃን ልጅም ያውቀው ነበር። እናቴ ቤት ገብታ ለእማማ «በላ፣ ደኅና ነው» አለቻቸው።

በማግስቱ ስንቁን ተቀብላ ወጣች። በአታ ደጃፍ ለተቀመጡ የኔ ቢጤዎች አብልታ፣ ባዶውን አገልግል ይዛ ተመለሰች። «በላ?» «በላ።» ከጥር ጀምሮ በየቀኑ። ጾሙ ገባ፣ ሽሮ ሆነ። ሁዳዴው አለቀ። «የፋሲካ ለት እትዬ ዶሮውን ከነእንቁላሉ አገልግሉ ውስጥ አደረጉና…» ስትል ምጣዴ ጨሰ። ቡናው ከሰል ሆኗል። እየሳልኩ በሩን ከፍቼ ምጣዱን ደጅ አወጣሁት። ስመለስ ሁለቱም ዝም ብለዋል። ልጁ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። እናቴ «ምን ስትሠሪ ነው ያረረብሽ?» አለችኝ። አልመለስኩላትም።

ማታ ስተኛ ያ አገልግል ትዝ አለኝ። ጓዳ ተሰቅሎ ነው ያለው፣ ቆዳው ተሰነጣጥቆ፣ ማንጠልጠያው ተበጥሶ። ግንቡ አካባቢ ለቱሪስት አሮጌ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ልስጠው ብያት ሦስት ቀን አኩርፋኝ ነበር።

ልጁ የቀረው ሁለት ቅዳሜ ነው። ስጀምር ልጠይቅዎ ያሰብኩት በጨዋ ደንብ እንዴት ላስቀረው የሚለውን ነበር። ስጽፍ ስጽፍ ሌላ መጣብኝ። ምን በድያት ነው ለእኔ ያልነገረችውን ለመንገደኛ የምትነግረው? ደግሞስ የፋሲካ ለት ምን ሆነ? እማማ አወቁ? ልጁን «የቀዳኸውን አሰማኝ» ልበለው? ወይስ እሷን እንዴት ብዬ ልጠይቃት?

ቡናዋ ያረረባት፣ ከጎንደር

መልሱ

እህቴ፣ በስኳሩ ልጀምርና ልገላገል። ስምንት ቅዳሜ ሙሉ የሰው ልጅ ማንኪያ ቆጥረሻል። ነውር ነው። ጎረቤትሽንም ተዪው፣ ያውራ።

አሁን ወደ ሙቀጫው። እናትሽ ዝም የሚሉት ንቀው ነው ብለሽ አለፍሽው። እስቲ ራስሽ የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢ። ልጁ ከፊታቸው ነው የተቀመጠው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። «ይሰማኛል» እያላቸው ነው። እሳቸው ግን አይቀጥሉም። ታዲያ የማንን ጆሮ ነው የሚጠብቁት? ዘነዘናው ሲያርፍ መስማት የምትጀምረው ከግድግዳው ወዲያ ያለችው አይደለችም?

የቅኔ አገር ልጅ ሆነሽ ይህ እንዴት አመለጠሽ! ሰሙ ተማሪው ነው። ወርቁ አንቺ ነሽ።

«ቁጭ በይ፣ ሕይወቴን ልንገርሽ» ያለች እናት እኔ አላውቅም። እናቶቻችን ከባድ ነገር ፊት ለፊት አይሰጡም። ለጎረቤት ሲያወሩ እንድንሰማ ነው የሚያደርጉት። ይህ ጎረምሳ እግዜር የሰጣቸው መልእክተኛ ነው። ለመሆኑ ቅዳሜ ከሰዓትን የመረጠው ማነው? ማክሰኞ ጠዋትም እኮ ቀን ነው። ልጁን ጠይቂው፤ «ቅዳሜ ና» ያሉት እናትሽ ቢሆኑ አልደነቅም። አንቺ ቤት የምትሆኚበት ቀን ነዋ።

«ምን በድያት ነው?» ብለሻል። ምንም። እዚያ ቤት ነበር የምትውዪው። ከሴትዮዋ እጅ ነበር የምትጎርሺው። ለአንቺ መንገር ለእሳቸው መንገር ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ምሥጢር ይዛ የሰው ቤት መዋል ትችላለች? ሃያ ሲሞላሽስ፣ ያን ፎቶ ባየሽ ቁጥር ፊትሽ አይለዋወጥም ነበር? እናትሽ አንቺን ሳያምኑ ቀርተው አይደለም። ዝምታው ራሱ የሥራው ግማሽ ነበር። አገልግሉን ከጥር እስከ ፋሲካ ተሸከሙ፣ ዝምታውን ደግሞ አርባ ምናምን ዓመት። አሁን ሴትዮዋ የሉም። ሸክሙን ማውረጃው ደርሷል።

ሌላም ሳታይው ያለፍሽው አለ። «እህቱ ነኝ»። ይህችን በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፍሻት። በ1970 ጎንደር ውስጥ፣ እናቶች «ሁለተኛ አልወልድም» እያሉ ባንጎራጎሩበት ከተማ፣ የታሳሪ እህት ነኝ ብሎ በር ላይ መቆም ራስን ማስመዝገብ ነው። ለሥጋ ዘመድ እንኳ ያስፈራ ነበር። እናትሽ በየቀኑ በገዛ እግራቸው ሄደው የሥጋ ወንድማቸው ያልሆነውን «ወንድሜ» አሉ። ያም ሳያንስ፣ ልጁ ከሞተ በኋላ አገልግሉን ይዘው ወጡ። ስለዚያ ዘመን ብዙ ተጽፏል፤ የገዳዩም የሟቹም ተጽፏል። ባዶ አገልግል ይዛ «በላ» እያለች የተመለሰችዋ ግን የት አለች? አንቺ ጓዳ ግድግዳ ላይ።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ አልችልም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እናቴ ስትቀበር የሕይወት ታሪኳን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ገጽ አልሞላልኝም። ከእገሌና ከእገሊት ተወለዱ፣ በሕግ ተጋቡ፣ ይህን ያህል ልጆች አፈሩ፣ ደግና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። ተነበበ፣ ሰው አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡና «እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ እናትሽ ናቸው እኮ» አሉኝ። እናቴ ማንበብ እንደምትችል እንኳ አላውቅም ነበር። በፊቴ አንድም ቀን አንብባ አታውቅም። ሽማግሌውን ብዙ ልጠይቃቸው ስል ሌላ ለቀስተኛ ገባ። እስከ ዛሬ የማውቀው ያችን ብቻ ነው።

የጎንደር ነገሥታት ጸሐፌ ትእዛዝ ነበራቸው። የዘመቱበትን፣ የገነቡትን፣ የሾሙትን የሻሩትን ጽፎ የሚያስቀምጥ። ለግብሩ ጠላ የጠመቀችው ሴት ማን እንደነበረች ግን ማንም አልጻፈም። እናትሽ ጠላ ጠማቂ ናቸው። ከስንት መቶ ዓመት በኋላ አንዲት ጠማቂ ጸሐፊ አገኘች፣ አንቺ ደግሞ በጨዋ ደንብ ልታስቀሪው ፈለግሽ!

ስለ ወባውም ትንሽ ልበል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የማውቀው ስላልሽኝ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ ላይ የገባው ወረርሽኝ ወደ 7000 ሰው እንደፈጀ ይነገራል። ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጁ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ያ እልቂት ነው። ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የሳኒተሪ ባለሙያዎችን ሊያሠለጥን ተከፈተ፤ ተማሪዎቹም ቆላድባ ጤና ጣቢያ እየወረዱ ይለማመዱ ነበር፣ በእናትሽ አገር። ያ ኮሌጅ አድጎ ነው ዛሬ ልጁ የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ የሆነው። ከነዚያ ሺዎች ሁለቱ አያቶችሽ ናቸው። ልጁ የመጣው ቁጥሩን ይዞ ነው። ስማቸውንና መልካቸውን የሚያውቁት እናትሽ ብቻ ናቸው። አንቺ ስማቸውን ታውቂያለሽ? በደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁትም።

ልጁን «አሰማኝ» እንዳትዪው። በልጁ ስልክ ከሰማሽው እናትሽ ጠብቀውሽ ጠብቀውሽ ሳትመጪ እንደቀረሽ ይቆጠራል። ቡናው ሲያርር መጨረሻው እንዳመለጠሽ እኮ ያውቃሉ። «ምን ስትሠሪ ነው ያረረብሽ?» ያሉሽ ስለ ቡናው መሰለሽ? መልሱን ነበር የፈለጉት፤ አንቺ ግን ዝም አልሻቸው።

ስለዚህ እንዴት ልጠይቃት ብለሽ አትጨነቂ። ጥያቄውን እሳቸው ቀድመው ጠይቀውሻል፣ የቀረው መልስሽ ነው። ቅዳሜን አትጠብቂ። ዛሬ ማታ ረከቦቱንና ምድጃውን ሳሎን አውጪ። አገልግሉን ከግድግዳው አውርጂና ቆዳውን ቅባት ነካ ነካ አድርጊው። እንዲያዩልሽ ብለሽ አታሳዪያቸው፣ ያዩታል። ቡናውን ስትቆዪ፣ ቀና ሳትዪ፣ «እማዬ፣ ቅዳሜ ዕለት አንቺን ስሰማ ነው ያረረብኝ» በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። የዚህን ጊዜ ዝምታ የሚጠበቀው ከአንቺ ነው። ያን ቀን ባይነግሩሽ አትገፋፊያቸው፤ ሁለት ቅዳሜ አለ፣ ሙቀጫውም ሳሎን ይሁን።

የፋሲካውን ዶሮ ማን እንደበላው እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ፣ አልዋሽሽም። እማማ ያወቁት መቼ ነው? ምናልባት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀው፣ እናትሽን ላለማሳፈር ይሆን ስንቅ ሲቋጥሩ የከረሙት? ይህ ሐሳብ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። ከነገሩሽ በኋላ ልትጽፊልኝ ካሰብሽ ግን መጀመሪያ እሳቸውን አስፈቅጂ። ያ ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚያደርገው ልጅ እንኳ ያስፈቅዳል።