መግቢያው መጽሐፉን ዋጠው

ጤና ይስጥልኝ፣

ስለ አባቴ መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ውስጥ በመካኒክነት ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። የእሱ ታሪክ አልቋል ማለት ይቻላል፣ ያስቸገረኝ መጀመሪያው ነው። መታሰቢያ አለ፣ አራት ገጽ ምስጋና አለ፣ መግቢያው ደግሞ ከአጼ ምኒልክ የባቡር ውል ጀምሮ የሀዲዱን ታሪክ ስለያዘ 30 ገጽ ሆነ። ወንድሜ አነበበውና «አባባ የታለ?» አለኝ። መቅድሙን አንድ ታዋቂ ሰው እንዲጽፉልኝ ለምኜ እሺ ካሉ በኋላ ጠፉ። ልጠብቃቸው?

ግራ የገባት፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦

እኔም የወንድምሽን ጥያቄ ልድገመው፤ አባባ የታሉ? መጽሐፉን የሚገዛው ሰው ሽፋኑ ላይ ያየው እሳቸውን ነው፣ 30 ገጽ ውል እያነበበ አይጠብቃቸውም።

ሁሉንም ግን አትጣዪው። የ1886ቱን ውልና የኩባንያውን ጣጣ ተዪና አንዱን ያዢ፦ ሀዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው፣ ተራራው አላስወጣ ሲል በታች በሜዳው በኩል ሄደ፣ ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ተቆረቆረች። ይሄ ባይሆን የአባትሽ ሥራም ሰፈርም አይኖርም ነበር፣ ስለዚህ ግማሽ ገጽ ይገባዋል። የቀረውን ታሪክ እሳቸው ሲነኩት አምጪው። አንድ መፍቻ በፈረንሳይኛ ስሙ ሲጠሩ፣ ኩባንያው የፈረንሳዮች እንደነበር ያኔ ትነግሪናለሽ።

መቅድሙን ራስሽ ጻፊው፣ ያውም መጨረሻ ላይ። ማንን ጠየቅሽ፣ ፎቶዎቹን ከየት አገኘሽ፣ አባትሽ ስለምን ማውራት እምቢ አሉ? ይሄን ነው ማንበብ የምፈልገው። ሁለት ገጽ ይበቃል።

ታዋቂውን ሰውዬ አትጠብቂ። ሳያነቡት «ለትውልድ ትልቅ ስንቅ ነው» ብለው ቢጽፉልሽ ምን ይጠቅምሻል? ከአባትሽ ጋር የሠሩ ሰው በሕይወት ካሉ ቁጭ ብለሽ አስወሪያቸው፣ ቃላቸውን ጻፊ፣ መልሰሽ አንብቢላቸውና ከተስማሙ በስማቸው ይውጣ።

ምስጋናው ወደ መጨረሻ ይሂድ። ከፈጣሪ ጀምሮ እስከ ኮምፒውተር ጸሐፊዋ የሚዘረዝር ምስጋና ለምደናል (እኔ ስሜን ፍለጋ ካልሆነ አላነበውም)። መታሰቢያዋ አንድ መስመር ትሁን።

የማውጫውን የገጽ ቁጥር ዲዛይነሩ ሳይጨርስ አትሙዪ፣ ይዘበራረቅብሻል። የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር (አይኤስቢኤን) ደግሞ ከቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ቀድመሽ አውጪ፤ ማተሚያ ቤት ከገባሽ በኋላ መሯሯጡ አይጣል ነው።