ዲግሪ «ፕሮኪዩር» አይደረግም

ጥያቄ፦ «በሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት ዘንድሮ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ሲቪዬ ላይ በየመስመሩ ‹ጎት› የሚል ቃል ስለበዛ ጓደኛዬ ‹ይሄ የልጅ እንግሊዝኛ ነው፤ ከበድ ያሉ ቃላት አስገቢ› አለችኝ። ስልኬ ላይ ካለው መዝገበ ቃላት ኦብቴይን፣ አኳየር፣ ፕሮኪዩር፣ ፐርቸስ የሚሉትን አውጥቼ ተካሁ። የሁሉም ፍቺ ‹ማግኘት› ነው ይላል። ልዩነት አላቸው እንዴ? የምወዳደረው ለፕሮኪዩርመንት ኦፊሰርነት ነው። አፓረንት (የሥራ ልምምድ) የወጣሁት አንድ መሥሪያ ቤት ግዥ ክፍል ነበር። ሲቪዬን አያይዣለሁ።»

ሲቪሽን አየሁት። ጓደኛሽ «ጎት» በዝቷል ማለቷ ልክ ነው። የሳተችው መድኃኒቱን ነው። ቃሉ ሲከብድ ሲቪው የሚከብድ መስሏት ነው።

ሦስተኛው መስመር ላይ «ፕሮኪዩርድ ኤ ዲግሪ» የሚል አለ። አንቺ ተመረቅሁ ማለትሽ ነው። ሲቪውን የሚያየው ሰው ግን «ከየት አስመጣችው?» ይላል። ፕሮኪዩር የሚደረገው ተፈልጎ፣ ተጠያይቆ፣ ዋጋ ተነጋግሮ የሚመጣ ነገር ነው። ፎርጅድ ዲግሪ እንዲህ መነጋገሪያ በሆነበት ጊዜ ይሄን መጻፍ ራስን በራስ መጠቆም ነው። ለዲግሪ «ኧርንድ» በይ፤ ለፍተሽ አገኘሽው ማለት ነው። «ኦብቴይንድ»ም ያስኬዳል። እኔን ብትጠይቂኝ ግን ጭራሽ ግስ አያስፈልገውም። የትምህርት ዓይነቱን፣ ዩኒቨርሲቲውንና ዓመቱን ጽፈሽ እለፊው።

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸሽም። ሁሉም ነገር እጅ መግባቱን ይናገራሉ። የሚለያዩት እንዴት እንደገባ ሲናገሩ ነው። እኛስ ብንሆን አገኘሁ፣ አፈራሁ፣ ቀሰምሁ፣ ገዛሁ፣ ተረከብሁ እንል የለ? «ንብረት አፈራ» የሚባለውን «ንብረት ቀሰመ» ብትይ ሰው ይስቅብሻል። እንግሊዝኛው ላይም የሆነው ይሄው ነው፤ የሚስቁት ግን አንቺ በሌለሽበት ነው።

«አኳየር» ቀስ በቀስ የመጣና ያንቺው ሆኖ የሚቀር ነገር ላይ ያምራል። ክህሎት፣ ቋንቋ፣ መሬት። አንድ ኩባንያ ሌላውን ገዝቶ ሲጠቀልልም ይሄው ቃል ነው። ለልምድ ግን «ጌይን» ይቀናዋል፤ ባለሽ ላይ የሚጨመር ነገር ነውና። «ኦብቴይን» ማመልከቻና ፊርማ ያለበት ቦታ ቃል ነው። ንግድ ፈቃድ፣ ቪዛ፣ የጉምሩክ ክሊራንስ። ደጅ ጠንተሽ ያወጣሽው ነገር ካለ እሱን በሙሉ ልብ ተጠቀሚበት። ሥልጠና ደግሞ «ሪሲቭድ» ነው፤ ሰጡሽ፣ ወሰድሽ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ «ፕሮኪዩር» እንምጣ፤ የምትወዳደሪበት ሥራ ስም ላይ ያለው ቃል እሱ ነውና።

በአማርኛ ፐርቸስም ግዥ ነው፣ ፕሮኪዩርመንትም ግዥ ነው። ግራ የሚያጋባን እዚህ ጋ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 ተመልከቺው። ዛሬ በሌላ አዋጅ ቢተካም ትርጓሜው ለትምህርት ይሆናል። ግዥ ማለት ዕቃን፣ የግንባታ ሥራን፣ የምክር ወይም ሌላ አገልግሎትን በመግዛት፣ በመከራየት ወይም በሌላ ተመሳሳይ ውል ማግኘት ነው ይላል። ልብ በይ፤ መግዛት ከመንገዶቹ አንዱ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ መኪና ቢከራይ ምንም ባለቤት አልሆነም፤ ፕሮኪዩርመንት ግን ተካሂዷል።

ሥራው የሚጀምረው ፍላጎት ከመሰብሰብና ዓመታዊ ዕቅድ ከማውጣት ነው። ከዚያ ዝርዝር መግለጫ ይዘጋጃል፣ ጨረታ ወይም ፕሮፎርማ ይወጣል፣ ይገመገማል፣ ውል ይፈረማል፣ ዕቃው ይገባል፣ ይከፈላል። ፐርቸስ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለች አንድ ክፍል ናት፤ ትዕዛዙ ተላከ፣ ዕቃው መጣ፣ ገንዘቡ ወጣ።

እንግዲህ ሰባተኛውን መስመርሽን እንየው። «ፕሮኪዩርድ ስቴሽነሪ ፎር ዘ ኦፊስ»። አለቃሽ ብር ሰጥተውሽ ከታች ካለው ሱቅ ወረቀትና እስክሪብቶ ገዝተሽ ከሆነ «ቦት» ወይም «ፐርቸስድ» በቂ ነው። እንደዚያ ከሆነ እንዲያውም መስመሩ ይውጣ። ከሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ ሰብስበሽ፣ የዋጋ ማወዳደሪያ ሠርተሽ፣ ለግዥ ኮሚቴ አቅርበሽ ከሆነ ግን አንድ ቃል ሁሉንም ዋጠብሽ ማለት ነው። ያደረግሽውን ዘርዝረሽ ጻፊ፤ ፕሮፎርማ ሰበሰብሁ፣ አወዳደርሁ፣ አቀረብሁ። ጠያቂው «ስንት ፕሮፎርማ? ማን አጸደቀው?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ መልስ ያለው ዝርዝሩን የጻፈ ሰው ነው።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን «ወን ኤ ቴንደር» ያልሽው ነው። ጨረታ የሚያሸንፈው አቅራቢ ነው! ግዥ ክፍል ያለ ሰው ያወዳድራል፣ አሸናፊውን ይለያል፣ ውሉን ይሰጣል፤ የዚህኛው ወገን ቃል «አዋርድ» ነው። ግዥ ክፍል ተቀምጠሽ ጨረታ አሸነፍሁ ካልሽ አንባቢው ሁለት ነገር ይጠረጥራል። ወይ ቃሉን አታውቂውም፣ ወይ ከአንዱ ተጫራች ጋር ነገር አለሽ። የመጀመሪያው ያሳፍራል፤ ሁለተኛው ከሥራ ያስቀራል። በግምገማው ጊዜ ቃለ ጉባኤ ስትይዢ ከነበረ እሱኑ ጻፊው። ትንሽ ሥራ አይደለም።

«ሪሲቭድ»ን ደግሞ ስለ ዕቃ ስትጽፊ ተጠንቀቂ። የንብረት ክፍል ቃል ነው። ዕቃው መጋዘን ሲደርስ ተቆጥሮ፣ ከትዕዛዙ ጋር ተመሳክሮ፣ ጥራቱ ታይቶ ሞዴል 19 የሚባለው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ሲቆረጥ ነው ሪሲቭድ የሚባለው። የገዛና የተረከበ አንድ ሰው እንዳይሆን ቁጥጥሩ ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ መስመር «ፐርቸስድ ኤንድ ሪሲቭድ» ብለሽ ስትጽፊ ራስሽ ገዝተሽ ራስሽ ተረከብሽ እያልሽ ነው። ኦዲተር አይወዳትም።

ኢንተርቪው ላይ በፐርቸስና በፕሮኪዩርመንት መካከል ያለውን ልዩነት የሚጠይቁ አሉ፤ ተዘጋጂበት። የቃሉን ሥር ማወቅ ይረዳሻል። ፕሮኪዩር ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው ስለ ሌላው ሆኖ ጉዳዩን መንከባከብ ነው። በእርግጥም የግዥ ሠራተኛ የሚያወጣው የራሱን ብር አይደለም፤ ውድድሩም፣ ኮሚቴውም፣ ያ ሁሉ ወረቀትም ለዚህ ነው። መልስሽን ከዚህ ብትጀምሪ ከደብተር ሸምድደሽ እንዳልመጣሽ ይታያል። ቃሉ ግን ጥላ አለው። በሕግ እንግሊዝኛ ሰውን ለወሲብ ንግድ የሚደልል ድርጊትም በዚሁ ግስ ይጠራል። ስለዚህ «ስታፍ ፕሮኪዩር አደረግሁ» የሚል ነገር እንዳታመጪ፤ ሠራተኛ ይቀጠራል፣ ቃሉም «ሪክሩት» ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ማስታወቂያ ስትፈልጊ ይጠቅምሻል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና የዓለም ባንክ ሥራውን ፕሮኪዩርመንት ይሉታል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ግን በዋና ደንቡ ላይ አክዊዚሽን ብሎ ነው የሚጠራው። የአኳየር ዘር ነው፤ እዚያ ኩባንያ መጠቅለል ማለት አይደለም። እዚህ ያሉ ድርጅቶች ደግሞ አንዳንዴ «ሎጂስቲክስ ኦፊሰር» ብለው አውጥተው ውስጡን ስታነቢው ግዥ ሆኖ ይገኛል። ርዕሱን አይተሽ አትለፊ፣ ዝርዝሩን አንብቢ። ማስታወቂያው የተጠቀመበትን ቃልም፣ በእርግጥ የሠራሽው ከሆነ፣ ሲቪሽ ላይ እንዳለ ውሰጂው።

«ጎት»ንም ሙሉ በሙሉ አትጥይው። ለንግግር ግሩም ቃል ነው። ኢንተርቪው ላይ «አይ ጎት ዘ ኮቴሽንስ ባይ ፍራይዴይ» ብትይ ማንም አይፈርድብሽም። አፍሽ ያልለመደውን «ኦብቴይንድ» ከማለት «ጎት» ማለት ይሻላል።

ሦስተኛውን፣ ሰባተኛውንና የጨረታውን መስመር አስተካክለሽ መልሰሽ ላኪልኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው «ሆቢስ» ግን ይቅር፤ ፊልም ማየት ሁላችንም እንወዳለን።